የስንብት ክፍያና የጡረታ ማህደር፦ ከሥራ የለቀቀ ሰው የሚቆምባቸው ሦስት መስኮቶች ሲገመገሙ

ከግል ድርጅት የተሰናበተ ሠራተኛ ገንዘቡንና ወረቀቱን እስኪጨርስ ሦስት መስኮት ላይ ሊቆም ይችላል። የመጀመሪያው የቀድሞ አሠሪው የሰው ሀብትና የፋይናንስ ክፍል ነው። ክፍያው ሲዘገይ ወይም ሲጎድል የሥራ ክርክር ችሎት ይከተላል። ሦስተኛው የግል ድርጅቶች ሠራተኞች ማኅበራዊ ዋስትና አስተዳደር፣ ማለትም የጡረታው ቤት ነው። እዚህ የምንገመግመው የሦስቱን አገልግሎት ነው፦ ምን እንደሚሰጡ፣ የት ላይ እንደሚንቀራፈፉ፣ ምን ተይዞ ቢኬድ እንደሚፈጥኑ።

ፍርዳችንን አስቀድመን እንናገር። ሕጉ ብዙ ሰው ከሚገምተው በላይ ግልጽ ነው፤ የክፍያውን መጠንም የመክፈያውን ቀንም ቆርጦ አስቀምጧል። ነገሩ የሚበላሸው ወረቀት ላይ ነው፦ በስንብት ደብዳቤ ላይ በሰፈረ የተሳሳተ ምክንያት፣ ገቢ ባልሆነ ማመልከቻ፣ ከዓመታት በፊት በችኮላ በተሞላ ቅጽ። ሦስቱን መስኮቶች ብናወዳድር ደካማው አገልግሎት ያለው አሠሪው ዘንድ ነው። ሰው ያለ አግባብ የሚሸሸው፣ ግን ምንም የማያስከፍለው ችሎቱ ነው። የጡረታው ቤት ፍጥነት ደግሞ ከሞላ ጎደል የሚወሰነው ማህደሩ ውስጥ ባለው ነው።

ከዚህ በታች ያለው ስሌት የሚሠራው በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለሚተዳደር ሠራተኛ ብቻ ነው። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ቋሚ ሠራተኛ ሌላ ሕግ አለው። የሥራ መሪ የሚባለው፣ ማለትም በድርጅቱ ስም የመቅጠር፣ የማሰናበትና አሠራር የማውጣት ሥልጣን ያለው ሰውም ከአዋጁ ውጭ ነው፤ የእሱ ጉዳይ በውሉና በፍትሐ ብሔር ሕጉ ይታያል። ይህን ነጥብ አቅልለው አይዩት። ክርክር ሲነሳ ተራ የክፍል ኃላፊን «የሥራ መሪ ነበር» ማለት የተለመደ መከላከያ ስለሆነ፣ የሥራ መዘርዝርዎን ቅጂ ከመውጣትዎ በፊት ይያዙ።

አንደኛው መስኮት፦ አሠሪው

የአዋጁ አንቀጽ 36 የሥራ ውል ከተቋረጠበት ቀን ጀምሮ በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ ደመወዝና ከስንብት ጋር የተያያዙ ክፍያዎች ሁሉ እንዲከፈሉ ያዛል። በተግባር ግን ሠራተኛው የሚሰማው መልስ ሌላ ነው፦ «መጀመሪያ ክሊራንስ ጨርስ»። ክሊራንስ መጠየቁ በራሱ ስህተት አይደለም። ሕጉም ቢሆን ሠራተኛው በራሱ ጥፋት የድርጅቱን ንብረት ወይም ገንዘብ ሳይመልስ ቢቆይ ቀኑ ሊራዘም እንደሚችል ይፈቅዳል። ቁም ነገሩ «በራሱ ጥፋት» የሚለው ነው። የግምጃ ቤት ኃላፊው ፈቃድ ላይ ስለሆነ፣ የፋይናንስ ኃላፊው ስላልፈረመ፣ ወይም የኦዲት ክፍሉ «ቆይ እናያለን» ስላለ የሚያልፈው ጊዜ የሠራተኛው ጥፋት አይደለም።

ስለዚህ ርክክቡን በጽሑፍ ያድርጉት። ያለዎትን ሁሉ፣ ላፕቶፑን ከነመለያ ቁጥሩ፣ ቁልፉን፣ የመታወቂያ ካርዱን፣ ሲም ካርዱን፣ የሥራ ልብሱንና መሣሪያውን በዝርዝር ጽፈው በሁለት ቅጂ ያስፈርሙ። ሞዴል 19 (የዕቃ ገቢ ደረሰኝ) እና ሞዴል 22 (የዕቃ ወጪ ደረሰኝ) በሚጠቀም ድርጅት የወሰዱት ዕቃ በሞዴል 22 ተመዝግቦብዎታል፤ ሲመልሱ ሞዴል 19 ተቆርጦ ቅጂው እጅዎ ካልገባ ዕቃው በስምዎ እንዳለ ይቆያል። ብዙ ክሊራንስ የሚቆመው እዚህ ጋ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት ለሌላ ባልደረባ የተላለፈ ወንበርና ኮምፒውተር በዝውውር ወረቀት ስላልተደገፈ በመጀመሪያው ሰው ስም ተመዝግቦ ይገኛል። ለመልቀቅ ሲያስቡ ከአንድ ወር በፊት ግምጃ ቤት ሄደው በስምዎ ያለውን የንብረት ካርድ ማየት ይህን ሁሉ ያስቀራል። የሚረከብ ሰው ከጠፋ ደግሞ «ንብረቱን ለማስረከብ ዝግጁ ነኝ፣ የሚረከብ ሰው ይመደብልኝ» የሚል አጭር ደብዳቤ ገቢ ያድርጉ። ከዚያ በኋላ ያለው መዘግየት የእርስዎ አይባልም።

አሁን ወደ ገንዘቡ። የስንብት ክፍያ፣ ብዙ ሠራተኛ ሰርቪስ የሚለው፣ ለለቀቀ ሁሉ አይሰጥም። አንቀጽ 39 ሁኔታዎቹን ይዘረዝራል። ዋና ዋናዎቹ ድርጅቱ በቋሚነት ሲዘጋ፣ ሠራተኛው በቅነሳ ሲሰናበት፣ አሠሪው ከሕግ ውጭ ሲያሰናብት፣ የመሥራት ችሎታን የሚያሳጣ ጉዳት ሲደርስ፣ እንዲሁም የጡረታም ሆነ የፕሮቪደንት ፈንድ መብት የሌለው ሰው የጡረታ ዕድሜው ደርሶ ሲወጣ ናቸው። በራሱ ፈቃድ የለቀቀ ሰው የሚያገኘው ቢያንስ 5 ዓመት ካገለገለና ከሥልጠና ጋር የተያያዘ የውል ግዴታ ከሌለበት ነው። ወሲባዊ ትንኮሳ ወይም ጥቃት ደርሶባት የለቀቀች ሠራተኛ ግን የ5 ዓመቱ ገደብ አይመለከታትም።

ስሌቱ በአንቀጽ 40 አለ። ለመጀመሪያው ዓመት የመጨረሻው ሳምንት አማካይ የቀን ደመወዝ በ30 ተባዝቶ ይከፈላል፤ በወር ለሚከፈለው ሰው ይህ የአንድ ወር ደመወዝ ማለት ነው። ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት የዚያ አንድ ሦስተኛ ይጨመራል፤ ጠቅላላው ግን ከ12 ወር ደመወዝ አይበልጥም። ሒሳቡ ጣሪያውን የሚነካው 34 ዓመት አገልግሎት ላይ ስለሆነ ጣሪያው ብዙ ሰው አይነካም። ውሉ የተቋረጠው ድርጅቱ በመዘጋቱ ወይም በአንቀጽ 29 መሠረት በሠራተኛ ቅነሳ ከሆነ ደግሞ በዚህ ላይ የ60 ቀን ደመወዝ ይታከላል። «ደመወዝ» ሲባል መደበኛው ነው፤ የትርፍ ሰዓት፣ የውሎ አበል፣ ቦነስና ኮሚሽን አይገቡም።

በቁጥር እንየው። ደመወዙ 12,000 ብር የሆነ፣ 7 ዓመት ያገለገለ ሠራተኛ በቅነሳ ተሰናበተ እንበል። ለመጀመሪያው ዓመት 12,000፣ ለቀሪው 6 ዓመት በ4,000 ሒሳብ 24,000፣ በድምሩ 36,000 ብር። የ60 ቀኑ 24,000 ሲጨመር 60,000 ብር ይሆናል። በቅነሳ ለሚሰናበት የሙከራ ጊዜውን ለጨረሰ ሠራተኛ የ2 ወር ማስጠንቀቂያ ይገባዋል፤ ማስጠንቀቂያው ካልተሰጠው በምትኩ ሌላ 24,000 ብር ይከፈለዋል። ይህ ያልተጠቀመበት የዓመት ፈቃድና የመጨረሻዎቹ ቀናት ደመወዝ ሳይታሰብ 84,000 ብር ነው።

የዓመት ፈቃዱ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ በዝምታ የሚሸረፈው እሱ ነውና። በአዋጁ ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ነው፤ ከዚያ በኋላ በየ2 ዓመቱ አንድ የሥራ ቀን ይጨመራል። የምሳሌያችን ሠራተኛ በ7ኛ ዓመቱ 19 ቀን ላይ ደርሷል። 11 ቀን ሳይወስድ ቀረ እንበል። ፋይናንስ 12,000ን ለ30 ቢያካፍል የቀኑ 400 ብር ሆኖ 4,400 ብር ይመጣል። ለ26 የሥራ ቀን ቢያካፍል የቀኑ ከ461 ብር በላይ ሆኖ ወደ 5,077 ብር ይደርሳል። ፈቃዱ የሚቆጠረው በሥራ ቀን ነው፣ እሑድ አይገባበትም። ስለዚህ ለ30 የተካፈለ ሒሳብ ሲቀርብልዎ ምክንያቱን በጽሑፍ መጠየቅ ተገቢ ነው።

በዚህ መስኮት ትልቁ ወጥመድ ግን ስሌቱ አይደለም፤ «የመልቀቂያ ማመልከቻ ጻፍ፣ ጣጣ ሳይኖረው እንጨርሳለን» የሚለው ምክር ነው። ድርጅቱ ሥራው ስለቀነሰ ሰው ሊያሰናብት ሲፈልግ ሠራተኛው ራሱ እንደለቀቀ ቢጻፍ ይቀልለታል። ለሠራተኛው ልዩነቱ ይህ ነው፦ 12,000 ብር የሚከፈለውና 4 ዓመት ያገለገለ ሰው በቅነሳ ቢሰናበት 24,000 የስንብት ክፍያና የ60 ቀኑን 24,000፣ በድምሩ 48,000 ብር ያገኛል። በራሱ ፈቃድ እንደለቀቀ ከተጻፈ 5 ዓመት ስላልሞላው ምንም አያገኝም። በአንድ ወረቀት 48,000 ብር ይጠፋል። 7 ዓመት የሠራውም ቢሆን የ60 ቀኑንና የማስጠንቀቂያውን ያጣል።

ሕጉ ቅነሳ የሚለው የተወሰነ ነገር መሆኑንም ልብ ይሏል። በተከታታይ ከ10 ቀን ባላነሰ ጊዜ ውስጥ ቢያንስ 10 በመቶ የሚሆነውን ሠራተኛ፣ ከ20 እስከ 50 ሠራተኛ ባለበት ድርጅት ደግሞ ቢያንስ 5 ሠራተኛ የሚነካ መሆን አለበት። ስለዚህ ከእርስዎ ጋር ስንት ሰው እንደወጣና ድርጅቱ ስንት ሠራተኛ እንደነበረው ማወቅ በኋላ የሚቀርብ ማስረጃ ነው። የስንብት ደብዳቤውም ምክንያቱንና አንቀጹን በግልጽ ይጥቀስ። «በድርጅቱ ውሳኔ» የሚል ባዶ ሐረግ ካለው እንዲስተካከል በደብዳቤ ይጠይቁ።

«በስምምነት ተለያይተናል፣ ከዚህ በኋላ ምንም ጥያቄ የለኝም» የሚል ወረቀት ላይ ያስፈርማሉ። በአንቀጽ 25 በስምምነት መለያየት የሚጸናው በጽሑፍ ሲሆን ብቻ ነው፤ ሠራተኛው በሕግ ያለውን መብት ትቻለሁ ቢል ግን መተዉ ሕጋዊ ውጤት የለውም። እንዲያም ሆኖ ያልተቀበሉትን ገንዘብ «ተቀብያለሁ» ብለው አይፈርሙ፤ ያ መብትን መተው ሳይሆን ማስረጃ ነው፣ ተመልሶ ማፍረሱም ከባድ ነው። የተቀበሉትን ልክ በቁጥርና በፊደል ጽፈው «ቀሪው ጥያቄዬ እንደተጠበቀ ሆኖ» ብለው ይፈርሙ።

በክፍያው መጠን ካልተስማሙ አሠሪው ሁሉንም ይዞ መቆየት አይችልም። ያልተካደውን ክፍል በ7ቱ ቀን ውስጥ መክፈል ግዴታው ነው፤ ክርክሩ በቀሪው ላይ ይቀጥላል። ይህን አንቀጽ 37 ብዙ የሰው ሀብት ክፍል ሠራተኛ አያውቀውም፣ ሲጠቀስለት ግን ብዙ ጊዜ ይሠራል።

ክፍያው ሲመጣ የስሌት ወረቀት ይጠይቁ፣ እያንዳንዱ መስመር ተለይቶ የተጻፈበት፦ የመጨረሻ ደመወዝ፣ የማስጠንቀቂያ፣ የስንብት፣ የ60 ቀን፣ የፈቃድ፣ ከዚያም ተቀናሾቹ። የስንብት ክፍያ በገቢ ግብር ሕጉ ከመቀጠር የሚገኝ ገቢ ስለሆነ ግብር አለበት። የግብሩ መደብ እስከ 35 በመቶ ስለሚደርስ፣ ጠቅላላው እንደ አንድ ወር ገቢ ተቆጥሮ እንደሆነ መጠየቅ ዋጋ አለው፤ ልዩነቱ በሺዎች የሚቆጠር ነው። የቁጠባና ብድር ማኅበር ዕዳ ካለብዎ ከማኅበሩ የተጻፈ የቀሪ ዕዳ ወረቀት ያምጡ፤ ፋይናንስ በግምት ከቆረጠ ማስመለሱ ሌላ ጣጣ ነው።

የሥራ ልምድ ምስክር ወረቀት ከሁሉ ተነጥሎ የሚታይ መብት ነው። አሠሪው የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ደመወዙን ጠቅሶ ያለ ክፍያ መስጠት አለበት። የተጀመረበትን ቀን፣ የተቋረጠበትን ቀን፣ የመጨረሻውን ደመወዝ በዓይንዎ ያረጋግጡ፤ ይህ ወረቀት በኋላ የጡረታው ቤትም ይፈልገዋል።

ሁለተኛው መስኮት፦ የሥራ ክርክር ችሎት

በዚህ ጉዳይ ከምንም በላይ የምንጨነቅበት የጊዜ ገደቡ ነው። ከሥራ ውል መቋረጥ ጋር የተያያዘ ማንኛውም የክፍያ ጥያቄ በ6 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ፣ ማለትም ጊዜው በማለፉ ብቻ፣ ይታገዳል። ወደ ሥራ ልመለስ የሚል ጥያቄ ደግሞ 3 ወር ብቻ አለው። «በጀት ሲለቀቅ ይከፈልሃል፣ ትንሽ ታገስ» የሚል የስልክ መልስ እየተቀበሉ ስድስቱን ወር የጨረሱ ሠራተኞች ገንዘባቸውን የሚያጡት መብት ስለሌላቸው አይደለም፣ ቀኑ ስላለፈ ነው።

ይርጋው የሚቋረጥባቸው መንገዶች አሉ። አሠሪው የሠራተኛውን መብት በጽሑፍ ካመነ፣ ጉዳዩ የሥራ ክርክር ለሚወስን አካል ከቀረበ፣ ወይም አዋጁን ለማስፈጸም ሥልጣን ላለው የሠራተኛ ጉዳይ ባለሥልጣን አቤቱታ ከቀረበ ይቋረጣል። የቃል ተስፋ አያቋርጥም። ስለዚህ የመጀመሪያው እርምጃ ደብዳቤ ነው፣ ከ8ኛው የሥራ ቀን ሳያልፍ። አጭር ይሁን፦

«በቀን … በቁጥር … በተጻፈ ደብዳቤ የሥራ ውሌ ተቋርጧል። በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 36 መሠረት በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ ሊከፈለኝ የሚገባው ከዚህ በታች የተዘረዘረው ክፍያ እስከ ዛሬ አልተከፈለኝም። እንዲከፈለኝ ወይም ያልተከፈለበት ምክንያት በጽሑፍ እንዲገለጽልኝ እጠይቃለሁ።»

ከሥሩ ገንዘቡን በመስመር ይዘርዝሩ። ሁለት ቅጂ ይዘው መዝገብ ቤት ይግቡ፤ አንዱን ይሰጣሉ፣ በሌላው ላይ ቀን፣ የገቢ ቁጥርና የተቀባይ ፊርማ ያስደርጋሉ። አልቀበልም ከተባሉ በፖስታ ቤት በአደራ ደብዳቤ ልከው ደረሰኙን ይያዙ። የደብዳቤው ጥቅም ሁለት ነው፦ ድርጅቱ «እናምናለን፣ እንከፍላለን» ብሎ ከመለሰ ይርጋው ይቋረጣል፤ ካልመለሰ ደግሞ መዘግየቱ በማስረጃ ተያዘ ማለት ነው።

ቀጥሎ በአካባቢዎ ያለውን የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት መሞከር ይቻላል። የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ ሕጉ ሲጣስ አሠሪውን ጠርቶ የማነጋገር ሥልጣን አለው፤ ከአሠሪው ጋር የማስማማት አገልግሎትም ይሰጣል። የእኛ ግምገማ፦ ሕጉን ባለማወቅ ለሚያዘገይ አሠሪ በጣም ይሠራል፣ አውቆ ለሚያዘገይ ግን ብዙም አያስፈራውም። ሁለት ጊዜ ተጠርቶ ካልመጣ ወደ ችሎቱ ይሂዱ።

ችሎቱ ሰው ከሚያስበው ይለያል። ሠራተኛ የሚያቀርበው የሥራ ክርክር ከዳኝነት ክፍያ ነጻ ነው። ክሱ በቀረበ በ60 ቀን ውስጥ ውሳኔ እንዲሰጥ ሕጉ ያዛል፤ ቀጠሮ ሲደራረብ ከዚያ ሊያልፍ ይችላል፣ ቢሆንም ከሌላ የፍትሐ ብሔር ክርክር ጋር ሲነጻጸር ፈጣን ነው። ጠበቃ መያዝ ግዴታ አይደለም። የሠራተኛ ማኅበር አባል ከሆኑ ማኅበሩን፣ ካልሆኑ ደግሞ በሕግ ትምህርት ቤቶች ሥር ያሉትን የነጻ የሕግ ድጋፍ ማዕከላት ይጠይቁ፤ ለሴቶች የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርም ይረዳል።

ከክሱ ጋር የሚያያዙት የቅጥር ውል ወይም ደብዳቤ፣ የስንብት ደብዳቤ፣ የመጨረሻዎቹ ወራት የደመወዝ ማስረጃ፣ ገቢ የሆነው ማመልከቻና የርክክብ ወረቀት ናቸው። የቅጥር ውል በጽሑፍ ከሌለ ደመወዝ የገባበት የባንክ ሒሳብ መግለጫ ጥሩ ምትክ ነው፤ ድርጅቱ በየወሩ ገንዘብ ሲልክልዎ እንደነበር ያሳያል። በእጅዎ የሌለው ሰነድ አሠሪው ዘንድ ካለ «ተከሳሹ እንዲያቀርብ ይታዘዝልኝ» ብለው በማስረጃ ዝርዝሩ ላይ ይጻፉ። በቁራጭ ወይም በቀን ሒሳብ የሚሠራ ሰው የመጨረሻው ሳምንት ገቢ መዝገብ ያስፈልገዋል፣ ስሌቱ የሚነሳው ከዚያ ነውና።

ብዙ ከሳሽ የሚረሳው አንድ ዳኝነት አለ። በአንቀጽ 38 አሠሪው ከአቅሙ በላይ በሆነ ምክንያት ካልሆነ በቀር ክፍያውን ካዘገየ ፍርድ ቤቱ ለዘገየበት ጊዜ እስከ 3 ወር ደመወዝ ድረስ እንዲከፍል ሊያዝ ይችላል። ለምሳሌያችን ሠራተኛ ይህ እስከ 36,000 ብር ነው። ዳኛው ግን ያልተጠየቀውን አይሰጥም፤ በክሱ የዳኝነት ጥያቄ ውስጥ በቁጥር ይጻፉት።

ከፍርድ በኋላ ያለው አገልግሎት ደከም ያለ ነው። ያልተስማማ ወገን በ30 ቀን ውስጥ ይግባኝ ማለት ይችላል፤ ፍርዱ ጸንቶም አሠሪው ካልከፈለ የአፈጻጸም መዝገብ ለብቻው ይከፈታል። እዚያ የሚጠየቁት የተፈረደበትን ድርጅት ንብረት ነው። የድርጅቱን የባንክ ሒሳብ፣ የመኪናውን ታርጋ፣ የግብር ከፋይ ቁጥሩን የያዘ ሰው ቶሎ ይጨርሳል። ደመወዝዎ ከየትኛው ባንክ እንደሚመጣ የሚያሳይ ወረቀት አስቀድመው ይያዙ። ድርጅቱ ሊፈርስ ከሆነ ፈጥነው ለሒሳብ አጣሪው በጽሑፍ ያመልክቱ፤ ከሥራ ግንኙነት የሚመነጭ የሠራተኛ ገንዘብ ከሌሎች ዕዳዎች ቅድሚያ እንዳለው አዋጁ ደንግጓል።

ሦስተኛው መስኮት፦ የጡረታው ቤት

የግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ የተጀመረው በአዋጅ ቁጥር 715/2003 ሲሆን፣ አሁን የሚሠራው አዋጅ ቁጥር 1268/2014 ነው። መዋጮው ከሠራተኛው 7፣ ከአሠሪው 11፣ በድምሩ ከመደበኛ ደመወዝ 18 በመቶ ነው። ከ12,000 ብር ደመወዝ 840 ከሠራተኛው ይቀነሳል፣ 1,320 አሠሪው ይጨምራል፣ በየወሩ 2,160 ብር ይገባል ማለት ነው። መዋጮ መቆረጥ የጀመረው ሐምሌ 2003 ነው። ቀደም ሲል ፕሮቪደንት ፈንድ የነበራቸው በዚያው የመቀጠል ምርጫ ተሰጥቷቸው ነበር፤ ስለዚህ የትኛው ውስጥ እንደሆኑ ከፔሮሉ (ከደመወዝ መክፈያ ዝርዝሩ) ያረጋግጡ።

አንድ የተለመደ ግራ መጋባት እናጥራ። የስንብት ክፍያና ጡረታ አንድ አይደሉም። የስንብት ክፍያ ከአሠሪው ኪስ የሚወጣ ሲሆን፣ ጡረታው ግን ከፈንዱ ነው። ከሥራ በተሰናበቱ ማግስት ከጡረታው ቤት ገንዘብ አይጠበቅም። በዚያን ጊዜ ከጡረታው ቤት የሚፈለገው ማህደሩ ትክክል መሆኑን ማረጋገጥ ነው።

ዕድሜው 60 ሲሞላ ቢያንስ 10 ዓመት ያገለገለ ሰው የዘለቄታ የጡረታ አበል ያገኛል። 10 ዓመት ያልሞላው በአንድ ጊዜ የሚከፈል ዳረጎት ነው የሚደርሰው። አበሉ የሚሰላው በመጨረሻዎቹ 3 ዓመታት አማካይ ደመወዝ ላይ ነው፦ ለመጀመሪያዎቹ 10 ዓመታት 30 በመቶ፣ ከዚያ በላይ ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ፣ ጣሪያው 70 በመቶ። 22 ዓመት ያገለገለና አማካዩ 12,000 ብር የሆነ ሰው 45 በመቶ፣ ማለትም በወር 5,400 ብር ያገኛል።

አሠሪው ግብርና መዋጮ ለመቀነስ ብሎ 7,000 ብር ብቻ ሲያስመዘግብ ከቆየ ያው ሰው የሚያገኘው 3,150 ብር ነው። በወር 2,250 ብር፣ ዕድሜ ልኩን። ቀሪውን 5,000 በእጅ ወይም «በአበል» ስም ሲቀበል ደስ ብሎት የነበረ ሠራተኛ ይህን ሒሳብ የሚያየው ማስተካከያው በጣም ከባድ በሆነበት ጊዜ ነው። የተመዘገበው ደመወዝዎ ከሚቀበሉት ጋር መመሳሰሉን በሥራ ላይ እያሉ በየዓመቱ ያጣሩ።

ማህደር የሚዘገይባቸው ምክንያቶች ጥቂት ናቸው፣ ግን ይደጋገማሉ። ቀዳሚው ስም ነው፦ በቅጥር ደብዳቤ «ገ/ማርያም»፣ በመታወቂያ «ገብረማርያም»፣ በባንክ ሒሳብ ሌላ። ሌላው የትውልድ ዘመን ነው፤ ለጡረታ የሚታየው መጀመሪያ ሲቀጠሩ የተመዘገበው ስለሆነ በኋላ የመጣ የልደት ካርድ አይለውጠውም። ከዚያ በመዋጮው ታሪክ ውስጥ ያሉ ክፍት ወራት አሉ፦ አሠሪው ከደመወዝ ቀንሶ ሳያስገባ የቀረባቸው ወይም ከነጭራሹ ያላሳወቀባቸው። እዚህ ላይ ከደመወዝዎ መቀነሱን የሚያሳይ የፔሮል ቅጂ ወርቅ ነው። ከሠራተኛው ሳይቀንስ የቀረ አሠሪ ዕዳውን ራሱ ይሸከማል፤ ሠራተኛው ግን መሥራቱን ማሳየት አለበት።

ስለዚህ ከድርጅቱ ሲወጡ የሚያስፈልጉት የጡረታ መለያ ቁጥርዎ፣ ሲቀጠሩ የሞሉት የምዝገባ ቅጽ ቅጂ፣ እንዲሁም የተቀጠሩበትን፣ የለቀቁበትን፣ የደመወዝ ጭማሪዎቹንና መዋጮ የተቆረጠበትን ጊዜ የሚገልጽ ማህተም ያለው ደብዳቤ ናቸው። ወደ አዲስ ድርጅት ከገቡ ያንኑ መለያ ቁጥር ይስጡ፤ አዲስ ቁጥር ከወጣ አገልግሎትዎ ለሁለት ይከፈላል። በመንግሥት መሥሪያ ቤት የተሠራ ዘመንም ይደመራል፣ የዚያኛው ማህደር መምጣት ግን ጊዜ ስለሚወስድ 60 ከመሙላቱ አንድ ዓመት በፊት ይጀምሩት። የትዳርና የልጆች የልደት የምስክር ወረቀቶችም ማህደሩ ውስጥ ይግቡ፤ ባለ አበሉ ቢያርፍ ባል ወይም ሚስት የአበሉን 50 በመቶ የሚያገኙት ዝምድናው በሰነድ ሲረጋገጥ ነው።

የጡረታውን ቤት አገልግሎት በአጭሩ ስንመዝነው፦ ሙሉ ማህደር ላለው ሰው ሥርዓቱ ይሠራል፣ አበሉም በባንክ ይገባል። ጎደሎ ማህደር ላለው ግን ጎደሎውን የሚያሟላለት የለም፤ ወደ ቀድሞ አሠሪው ይመልሱታል፣ ያ ድርጅት ደግሞ ተዘግቶ ሊሆን ይችላል። እዚህ ላይ ጉድለት ሲገኝ ለአሠሪው ቀጥታ ደብዳቤ የሚጻፍበት አሠራር ቢጠናከር ለአረጋውያን ትልቅ እፎይታ ነበር። በአበሉ መጠን ወይም በአገልግሎት ዘመኑ ላይ በተሰጠ ውሳኔ ያልተስማማ ሰው ለማኅበራዊ ዋስትና ይግባኝ ሰሚ ጉባኤ ማመልከት ይችላል፤ ለዚያም ውሳኔውን በጽሑፍ መቀበል ያስፈልጋል።

ከሥራ እንደለቀቁ ወደ ውጭ ለሚሄዱ ደግሞ ውክልና ሳይሰጡ አለመውጣት ይሻላል። አገር ውስጥ ሆኖ በሰነዶች ማረጋገጫ ጽሕፈት ቤት የሚሰጥ ውክልና በቀላሉ ያልቃል። ከሄዱ በኋላ ከሆነ በኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ፊት ተፈርሞ፣ አዲስ አበባ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ተረጋግጦ፣ ከዚያ በሰነዶች ማረጋገጫ ይመዘገባል። «ጉዳዬን እንዲከታተል» የሚል ጥቅል ቃል ብዙ ቦታ አያስኬድም። ከቀድሞ አሠሪ ጋር ርክክብ እንዲፈጽም፣ የሥራ ልምድና የስሌት ወረቀት እንዲቀበል፣ በሥራ ክርክር ችሎት ክስ እንዲመሠርትና እንዲከራከር፣ በማኅበራዊ ዋስትና ማህደሬን እንዲያስተካክል ተብሎ አንድ በአንድ ይጻፍ። ገንዘቡ ወደ ወኪሉ ሳይሆን በራስዎ ስም ወዳለ ሒሳብ እንዲገባ ከፈለጉም የሒሳብ ቁጥሩን ውክልናው ላይ ማስፈር ይቻላል።